የአዲስ አበባ አየርና የጨረር መጠን

በካንሰር ላይ የሚደረገው የጨረር ሕክምና፣ ሐኪሙ ያዘዘው መጠን በታሰበው የሰውነት ክፍል ላይ በትክክል ማረፉን የሚያረጋግጥ የፊዚክስ ባለሙያ ከሌለው ሊካሄድ የማይችል ነው። ይህ ባለሙያ በድኅረ ምረቃ የሚማርባቸው መጻሕፍት በአብዛኛው ለባሕር ጠለል ቅርብ በሆኑ አገሮች የተጻፉ በመሆናቸው፣ በአዲስ አበባ የሚሠለጥን ተማሪ ቀመሮቹን ከማወቅ አልፎ እዚህ ከተማ ላይ ሲውሉ ምን እንደሚለወጥ ማወቅ ይኖርበታል፤ ሙያው በእውነት የሚፈተነውም በዚህኛው ነው።

የጨረር መጠን የሚነገረው በግሬይ ሲሆን፣ አንድ ግሬይ ማለት አንድ ኪሎግራም አካል አንድ ጁል ጉልበት ሲውጥ ነው። መጠኑን ለመለካት የሚያገለግለው አዮናይዜሽን ቻምበር የሚባለው መሣሪያ ጥቂት አየር የያዘች ትንሽ ክፍል ያለው ሲሆን፣ ጨረሩ በአየሩ ውስጥ ሲያልፍ ከአቶሞች ኤሌክትሮኖችን ስለሚነጥል፣ የተነጠለው የኤሌክትሪክ ሙል ተሰብስቦ ይቆጠራል። አብዛኞቹ ቻምበሮች ለውጭ አየር ክፍት ስለሆኑ በውስጣቸው የሚገኘው አየር እንደ ሙቀቱና እንደ ግፊቱ ይበዛል ወይም ይሳሳል፤ ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው የመለኪያ ምስክር ወረቀት ግን የተሰጠው ለ101.3 ኪሎፓስካል ግፊትና ብዙውን ጊዜ ለ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግፊቱ 77 ኪሎፓስካል ገደማ ስለሆነ፣ መሣሪያው ከሚገባው ሩብ ያህል አሳንሶ ያነባል፤ ስለዚህ ንባቡ በ1.3 ገደማ መባዛት አለበት። መጻሕፍቱ ይህን በአንድ አንቀጽ አልፈውት ይሄዳሉ፤ በቆላ ለጻፏቸው ሰዎች ማስተካከያው ጥቂት በመቶ ብቻ ስለሆነ ሊወቀሱበትም አይገባም።

ማስተካከያው ቢዘነጋ ውጤቱ በተቃራኒው ነው። ባለሙያው ማሽኑ አሳንሶ የሚሰጥ መስሎት ጊዜውን ስለሚያራዝም፣ ታማሚው ከታዘዘለት 30 በመቶ ያህል የበለጠ ጨረር ይቀበላል፤ ዓለም አቀፉ የጨረር መለኪያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1976 በሪፖርቱ ያስቀመጠው የሚፈቀድ ልዩነት ግን 5 በመቶ ነው። ከዚህ የሚሻል የሚመስለው፣ ነገር ግን ያው አደጋ ያለበት መንገድ የግፊቱን ቁጥር ከአውሮፕላን ማረፊያ የአየር ሁኔታ ዘገባ መውሰድ ነው፤ ያ ቁጥር ለበረራ እንዲያመች ወደ ባሕር ጠለል ተሰልቶ የተቀየረ ነውና። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው የጨረር ሕክምና አደጋዎች ስብስብ ውስጥ ይህ ዓይነቱ ስሕተት ተመዝግቦ ይገኛል። በመርካቶ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚገዛ ጥሩ መካኒክ በዕቃው ላይ የታተመው ቁጥር ከመኪናው ጋር ስለገጠመ ብቻ ገንዘቡን አይቆጥርም፤ ጥርሱን ዳስሶ፣ ከአሮጌው ጋር አስተያይቶ ነው የሚቀበለው። ተማሪውም በሕክምናው ክፍል ውስጥ በተቀመጠ ባሮሜትር የክፍሉን የአየር ግፊት ራሱ ማንበብ፣ ባሮሜትሩንም በየጊዜው ከሌላ ጋር ማመሳከር አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሕክምናውን የጀመረው በኮባልት-60 ማሽን ሲሆን፣ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህልም የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ ቆይቷል። ኮባልት-60 በየወሩ ከኃይሉ አንድ በመቶ ገደማ እያጣ በ5.27 ዓመት ግማሽ ስለሚሆን፣ በሁለት ደቂቃ ይጠናቀቅ የነበረው ሕክምና አራት ደቂቃ ይፈጃል። ተማሪው በፈተና ወረቀት ላይ የሚያሰላው ይህ ስሌት በሆስፒታሉ ኮሪደር የወረፋው ርዝመት ሆኖ ይታያል። ኋላ የመጡት ሊኒየር አክስለሬተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሮኖችን አፍጥነው ጨረር የሚያመነጩት ማሽኖች፣ ይህ ጉድለት የለባቸውም።

ሆኖም የደከመ ኮባልት ሞተ ማለት አይደለም፤ ለሕክምና ሲያንስም ለገዳይነት አያንስም። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚል ጎያንያ ከተማ ከተተወ ክሊኒክ የተወሰደ የሲዝየም-137 የሕክምና ጨረር ምንጭ ለቁራጭ ብረት ነጋዴ ተሸጦ አራት ሰዎች ሞተዋል፤ ከ110,000 በላይ ሰዎችም ተመርምረዋል። አሮጌ ብረት በቁራሌው ትከሻ ከየሰፈሩ ተለቅሞ ወደ መርካቶ በሚጎርፍበት ከተማ ይህ የሩቅ ታሪክ ሊባል አይችልም። ስለዚህ አንድ ማሽን ሲገዛ ያገለገለው ምንጭ ወደ አምራቹ የሚመለስበት ውል አብሮ መፈረሙን መከታተል የሙያው አካል ነው። ምንጩ ከወጣ በኋላም ቢሆን በአንዳንድ የቆዩ ማሽኖች ራስ ውስጥ ጨረሩን ለመከለል የተሠራው ክፍል ከእርሳስ ብቻ ሳይሆን ከተመናመነ ዩራኒየም ጭምር ስለሆነ፣ ክብደቱና ዋጋው የብረት ገዢን ዓይን የሚስበው ይህ ዕቃ በጨረር መለኪያ ሳይፈተሽ ከሆስፒታሉ በር መውጣት የለበትም።