ሰማያዊ ገጽ ስላላቸው የእጅ ሰዓቶች

የእጅ ሰዓት ተግባሩ ጊዜን መናገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ስለ ገጹ ቀለም መጻፍ ባላስፈለገም ነበር። ነገር ግን ሰዓትን መሰብሰብና ማድነቅ በብዙ አገር የተለመደ ጉዳይ ሆኗል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሰብሳቢዎች ይልቁንም ሰማያዊ ገጽ ያለውን ይሻሙበታል። መሻማታቸውን አንነቅፍም። የምንጠይቀው፥ ቀለሙን አይተው ነውን ወይስ ስሙንና ዋጋውን ሰምተው? ብለን ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይረዱልን።)

በቋንቋችን የዚህ ቀለም ስም ከሰማይ የተወሰደ ነው፤ ሰማይ ግን አንድ መልክ ብቻ የለውም። የመስከረም ረፋድ ሰማይና ፀሐይ ከገባች በኋላ የሚታየው ሰማይ ሁለቱም ሰማያዊ ይባላሉ እንጂ አይመሳሰሉም። ከመልካም ሠሪ እጅ የወጣ የሰዓት ገጽም እንዲሁ ነው። ከነሐስ የተቈረጠው ስስ ክብ አስቀድሞ ከመካከሉ ወደ ጠርዙ በሚሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች ይቦረሻል፤ ቀለሙ በዚያ ላይ ሲያርፍ ብርሃኑ እንደ ፀሐይ ጨረር ይበተናል፤ እጅ ባዘነበለ ቊጥር አንዱ ወገን ሲደምቅ ሌላው ይጠቊራል። ነጭ ገጽ ለማንበብ የተሻለ ቢሆንም በአንድ እይታ ያልቃል።

የብረት ጠቋሚዎች ሰማያዊነት ከዚህ የተለየ ነው። የተወለወለ ብረት ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲግል በላዩ እጅግ ስስ የሆነ የኦክሳይድ ሽፋን ይፈጠራል፤ መልኩም ከገለባ ቢጫ ወደ ቡናማ፥ ከቡናማ ወደ ወይን ጠጅ፥ ከዚያም ወደ ሰማያዊ ይሸጋገራል። ሠራተኛው በዚያች ቅጽበት ከእሳቱ ካላነሣው ሰማያዊው ያመልጠዋል። እዚህ ላይ የተቀባ ነገር የለም፤ የምናየው ብርሃን በስሱ ሽፋን ላይ የሚሠራውን ነው። ከተቀባው ለመለየትም ሰዓቱን ማዘንበል ይበቃል፤ በእሳት የተገኘው ከአንድ አቅጣጫ ጥቁር መስሎ ከሌላው ይበራል።

ለሂስ የሚመች አንድ ሥራ ምረጡ ብንባል፥ የስዊስ አገሩ ኦዴማር ፒጌ በ1972 በባዝል ትርኢት ያቀረበውን ሮያል ኦክ እንወስዳለን። ንድፉን ያወጣው ዤራልድ ዤንታ ነው። ሰዓቱ 39 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፥ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፥ ስምንት ማዕዘን ያለው ክፈፉም በ8 ብሎኖች ታስሮ የሚታይ ነበር። ዋጋው 3,300 የስዊስ ፍራንክ መሆኑ ብዙዎችን አስደንቋል፤ በዚያ ገንዘብ የወርቅ ሰዓት ይገኝ ነበርና። ስለ ቅርጹ ብዙ ተጽፏል፤ እኛን የሚገደን ገጹ ነው። በጥቃቅን አራት ማዕዘን ጒብታዎች የተቀረጸ ሲሆን የቀለሙ ስም «የሌሊት ሰማያዊ፥ ደመና 50» ይባል ነበር። መልኩ የሚገኘው ገጹን የኤሌክትሪክ ኃይል በሚያልፍበት ፈሳሽ ውስጥ በመንከር ነው፤ በላዩም ጥቂት ጥቁር የተጨመረበት ስስ ቫርኒሽ ይደረብበታል።

ይህ ሰማያዊ ለጌጥ የገባ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ከባድ ሥራ የተሰጠው ይመስለናል። ክፈፉና ማሰሪያው ማዕዘን የበዛበት፥ ከየአቅጣጫው የሚብለጨለጭ ብረት ነው፤ ገጹ ብር መሳይ ቢሆን ኖሮ ዐይን የሚያርፍበት ባጣ፥ ፍጹም ጥቁርም ቢሆን ሰዓቱ የሠራተኛ መሣሪያ በመሰለ ነበር። የሌሊቱ ሰማያዊ ግን ብረቱን ያረጋጋዋል፤ ከሩቅ ጠቈር ያለ ግራጫ መስሎ ቀርቦ ለሚያየው ብቻ መልኩን ይገልጣል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እናንሣ። እኛ ኢትዮጵያውያን ጠቋሚው 7 ላይ ሲደርስ አንድ ሰዓት እንላለን፤ በገጹ ላይ የተጻፈው ቊጥርና አንደበታችን ተገናኝተው አያውቁም። የምናነበው የጠቋሚውን አቀማመጥ ነው። ስለዚህ እንደ ሮያል ኦክ ያለ፥ ቊጥር የሌለበትና በዘንግ ምልክት ብቻ የተከፈለ ገጽ ለእኛ ዐይን እንግዳ ሊሆን አይገባውም።

ለማነጻጸር ፓቴክ ፊሊፕ በ2021 መጨረሻ ከቲፋኒ ጋር የነበረውን የ170 ዓመት ግንኙነት ለማሰብ ያወጣውን ናውቲለስ 5711 እንመልከት። የ1976ቱ የመጀመሪያው ናውቲለስ ንድፍ የዚያው የዤንታ ነበር። የተሠሩት 170 ብቻ ሲሆኑ ገጻቸው የቲፋኒ ሣጥን የሚታወቅበት ውሃ ሰማያዊ ነው። የመጀመሪያው በኒው ዮርክ ጨረታ ከ6.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ፤ ገንዘቡ ለተፈጥሮ ጥበቃ መዋሉ የሚመሰገን ነው። ገጹ ግን ሂስን አይችልም። በብርሃን መለዋወጥ ብዙም አይለወጥም፤ ከሩቅ ይጮኻል፤ የሚጮኸውም የሱቅ ስም ነው። የማሸጊያ ቀለም ከማሸጊያው ተነሥቶ ዕቃው ላይ ወጣ ማለት ነው።

ስለ ሰብሳቢዎችም ልማድ ጥቂት እንበል። ሰማያዊ ቀለም በፀሐይ ይደክማል። ከዚህም የተነሣ አንዳንዱ ሰዓቱን ከካዝና አያወጣም፤ ሌላው የደከመውን ገጽ አስፍቆ እንደ አዲስ ያስቀባል። የኋለኛውን ሰብሳቢዎች ራሳቸው ይነቅፉታል፤ እንደገና የተቀባ ገጽ ዋጋው ይወድቃልና። የፊተኛውን የሚነቅፉ ግን ጥቂቶች ናቸው፤ መነቀፍስ የነበረበት እርሱ ነው። በጨለማ ውስጥ ሰማያዊ የሚባል ነገር ከየት ይመጣል?

ቱዶር ከ1969 ጀምሮ ሰማያዊ ገጽና ሰማያዊ ክፈፍ ያላቸው የጠላቂ ሰዓቶችን አውጥቷል፤ በ1970ዎቹም የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ለጠላቂዎቹ አድሏቸዋል። በባሕር ውስጥ ቀይ ብርሃን አስቀድሞ ሲጠፋ ሰማያዊው ጠልቆ ይዘልቃል፤ ስለዚህ ይህ ቀለም ከሰውየው ጋር ረጅም መንገድ ይወርዳል። ጀርባቸው ላይ የባሕር ኃይሉ ፊደላትና ዓመቱ ተቀርጾባቸዋል። በጨውና በፀሐይ ያረጁት ዛሬ በጨረታ ይታያሉ፤ መስተዋታቸው ተጭሯል፥ ክፈፋቸው ወደ ግራጫ ሸሽቷል። ካልተነካው አዲስ አጠገብ ቢቀመጡ ብዙ ሰው አዲሱን ያነሣል። እኛ የምናነሣው ያረጀውን ነው፤ ሰማያዊው ከጠርዙ ሳስቶ በገጹ መካከል ገና አልለቀቀምና።