የሰኔ ችግኝ በጥቅምት ይጀመራል

ቦንጋ ዙሪያ ቡና ማብቀል ሥራ አይመስልም፤ ጫካው ራሱ ያበቅለዋልና። ዝናብ ሲጥል ከእናት ዛፍ ሥር ጎንበስ ያለ ሰው የረገፈው ፍሬ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሎ ያገኛል። ብዙ የካፋ ገበሬም ችግኙን ከዚያ እየነቀለ ነው የኖረው፤ እኔም አልነቅፈውም። ግን ጫካው አይቸኩልም፣ ሙቀቱም የራሱ ነው። የዱር ቡናችን በብዛት የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 1,900 ሜትር ገደማ ባለው ደን ነው። ከዚያ አልፎ እንሰትና ባቄላ ወደሚበዛበት፣ ወደ አዲዮና ወደ ጌሻ ደጋ ሲወጣ ያው ዘር ሌላ ጠባይ ያመጣል። አፈር ውስጥ ገብቶ ዝም ይላል።

ውርጭ እስካልነካው ድረስ የደጋ ብርድ ቡናን አይገድለውም፤ ያዘገየዋል። የቡና ዘር ለመብቀል የሚመቸው 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያለ ሙቀት ነው። ሞቅ ባለ ቦታ ወር ከምናምን ሲሞላው ብቅ ይላል፤ ደጋ ላይ ግን ሁለት ወር አልፎ ሦስተኛውን ሊያጋምስ ይችላል። ይዘግይ እንጂ ምን ቸገረ የሚል አይጠፋም። የቸገረው ወራቱ ነው። እሸቱ የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሲሆን ችግኙ ማሳ የሚገባው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ያኔ ደግሞ ቢያንስ ስድስት ጥንድ ቅጠል ማውጣት አለበት። መጋቢት ላይ የዘራ ሰው ሰኔ ሲገባ ገና ብቅ ያለ ቡቃያ ይዞ ይቆማል፤ ወይ ያልጠና ችግኝ ይተክላል፣ ወይ ዓመት ይጠብቃል። የዓምናውን ዘር አስቀምጬ ቀደም ብዬ ልዝራ እንዳይል ደግሞ የቡና ዘር ጎተራ አያውቅም። በደረቀና በቆየ ቁጥር የመብቀል አቅሙ እየሞተ ይሄዳል።

ስለዚህ የእኔ ችግኝ ጣቢያ ሥራ የሚጀምረው ጥቅምት ላይ፣ መደብ ሳይሆን ዛፍ በመምረጥ ነው። በየዓመቱ የማያሳፍር ምርት የሰጠውን፣ በሽታ ያልበገረውን ዛፍ አስቀድሜ አውቀዋለሁ። ደጋ ላይ ይህ ቸል የሚባል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ውስጥ የታየው የቡና ፍሬ አውልቅ በሽታ የሚበረታው ቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ ላይ ነውና። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች ፈልጎ ከየጫካው ሰብስቧል፤ ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው 74110ና 74112 ከዚያ ሥራ የወጡ ናቸው፣ ‹74› የምርጫው ዓመት (እ.ኤ.አ.) ነው። ቡና ሁሉ ቡና ነው የሚለኝን ሰው ፍሬው በእሸቱ ጠቁሮ የረገፈበት ማሳ ወስጄ ባሳየው ደስ ይለኛል።

ከተመረጠው ዛፍ የምለቅመው በደንብ የቀላውን እሸት ብቻ ነው። በዚያው ቀን በእጅ ፈልፍዬ አጥበዋለሁ፤ ውኃ ላይ የተንሳፈፈው ይጣላል፤ የሰመጠው ጥላ ሥር ይጠነፍፋል። ፀሐይ ላይ የከረመ ጀንፈል ለቡና ማፍላት እንጂ ለዘር አይሆንም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ፍሬዋን የሚሸፍናት ጠንካራው ነጭ ቅርፊት በእጅ ከተላጠ ዘሩ ሳምንታት ቀደም ብሎ ይበቅላል። ይህን ነገር ከእኛ እጅግ የራቁ ሰዎችም ያውቁታል። በረዶ በሚከርምበት አገር ግዙፍ ዱባ የሚያለሙ ሰዎች የዘሩን ቅርፊት ጠርዝ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ ቤት ውስጥ አሙቀው ያበቅላሉ፤ ውጭ በረዶው እስኪለቅ አይጠብቁም። እ.ኤ.አ. በ2023 1,247 ኪሎ ግራም መዝኖ የዓለም ክብረ ወሰን ይዞ የነበረው ዱባ የበቀለው ሚኒሶታ በሚባለው ብርዳማ የአሜሪካ ግዛት ነው። እነሱ ለአንድ ዘር የሚጨነቁትን ያህል እኛ ለሺህ ዘር መጨነቅ አንችልም፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ደጋ ላይ ሙቀት ከሰማይ አይጠበቅም፤ ዘሩ ገና ትንሽ ቦታ ላይ ሳለ ይሰጠዋል።

እኔ የተላጠውን ዘር ታጥቦ በጠራ አሸዋ በተሞላ ሣጥን ውስጥ፣ ስንጥቅ ያለበትን ጠፍጣፋ ጎኑን ወደ ታች አድርጌ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አልብሼ እዘራዋለሁ። ሣጥኑ ሌሊት ምድጃ ያለበት ቤት ያድራል፤ ቀን ላስቲክ ለብሶ ደጅ ይውላል። የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ሰማዩ ጥርት ስለሚል ብርዱ ይጠናል፤ መደብ ላይ የተዘራ ዘር የሚደነዝዘው ያኔ ነው። ላስቲኩ ግን በየቀኑ ገለጥ ካላለ፣ ውኃም ከበዛ፣ አንገት የሚያበሰብሰው ሻጋታ ይገባና አንድ ሣጥን በሙሉ ያወርዳል። በተለይ የተላጠ ዘር ልብስ የለውም፤ ሲላጥ ጫፉ ላይ ያለችው ጽንስ ከተጫረችም አይበቅልም።

ቡቃያው ፍሬውን በአናቱ ተሸክሞ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ቅጠል ሳይዘረጋ፣ ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ይዛወራል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ልፋት ከንቱ የሚቀረው። አንዱን አንሥታችሁ እዩት፤ ዋናው ሥር ነጭ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ከግንዱ ይረዝማል። ቀዳዳው አጭር ሆኖ ሥሩ ሲገባ ጫፉ ወደ ላይ ከታጠፈ፣ ታጥፎ ይቀራል። ችግኙ ከረጢቱ ውስጥ ሳለ ምንም አይታወቅበትም፣ እንዲያውም ያምራል፤ ሕመሙ የሚወጣው ማሳ ገብቶ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ነው፤ በበጋ ይገረጣል፣ ነፋስ ያዘነብለዋል። በሪፖርት የሚቆጠረው የችግኝ ብዛት ነው፤ ሥር የሚቆጥር የለም። ስለዚህ በቀጭን እንጨት ቀዳዳውን ከሥሩ አስረዝማለሁ፣ ቡቃያውን ጠለቅ አድርጌ አስገብቼ ቀስ ብዬ ወደ ላይ ሳብ አደርገዋለሁ፤ ሥሩ ሲቃና በጣት ይሰማል። እጅግ የረዘመውን ጫፍ በጥፍር ቆርጦ መጣሉ ከማጠፉ ይሻላል።

የቀረው ትዕግሥት ነው፤ የጫካ አፈርና የተብላላ ኮምፖስት፣ ጠዋት ውኃ፣ ከላይ የሣር ዳስ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የለንደኑ የኪው ዕፅዋት ተቋምና የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ጥናት የአየር ሙቀት በጨመረ ቁጥር ለቡና የሚስማማው ቦታ ወደ ላይ እንደሚወጣ አመልክቷል፤ የደጋው ሰው ግን ጥናቱን ሳይጠብቅ ችግኝ መጠየቅ ጀምሯል። ሊወስድ የሚመጣው በሰኔ ነው። እኔ ደግሞ ከሚያዝያ ማለቂያ ጀምሮ ዳሱን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያሳሳሁ ፀሐይ አለማምደዋለሁ፤ ለደጋ የሚሄደውን ለብቻው ለይቼ፣ ዳሱን ከሌላው ቀደም ብዬ ነው የማነሣው።