በምጽዋት የተዋወቅናቸው ባንዶች

«ኒው ዌቭ» የሚባለውን የሙዚቃ ሞገድ አብዛኞቻችን የምናውቀው በአንድ ዘፈን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እሱም በ1984 ለእኛው ረኃብ የተዘፈነው «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» ነው (በተለይ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዘፋኞቹ የወጡባቸውን ባንዶች ግን ስንቶቻችን ቁጭ ብለን አዳምጠናል? በግቢያችን ነገሩ ሲነሣ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ወገን «በተራብን ጊዜ የደረሱልን ናቸው» ብሎ ያመሰግንና ወሬውን ይዘጋል። ሁለተኛው ወገን «የማሽን ለቅሶ!» ብሎ ይስቅና እሱም ይዘጋል። ሁለቱም ሸክላውን ሳይሰሙ ነው የሚፈርዱት። የዚህ ጽሑፍ አቋም ምስጋናም ሆነ ፌዝ የሂስን ቦታ ሊይዝ አይችልም የሚል ነው። እነዚህን ባንዶች ማድነቅ ይገባናል፤ የምናደንቃቸው ግን በሰጡን ሳይሆን በሠሩት ይሁን።

እንግዲህ ከመነሻው እንጀምር። በ1976 እና በ1977 እንግሊዝ አገር ፐንክ የተባለው ሙዚቃ ሲፈነዳ ለተከታዮቹ ያወረሰው ትልቅ ነገር ጩኸቱ አልነበረም። ያወረሰው ድፍረቱን ነው። የማንቸስተር ልጆች የነበሩት በዝኮክስ 500 ፓውንድ ተበድረው በጥር 1977 «ስፓይራል ስክራች» የምትባል አራት ዘፈን የያዘች ሸክላ በራሳቸው አሳተሙ። መጀመሪያ ያስቀረጹት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። የማንንም ኩባንያ ደጅ አልጠኑም። ለዚህች መጽሔት ወረቀት ፍለጋ የሚንከራተት ተማሪ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ማባዣው በእጅህ ከሆነ የምትለውንም አንተው ትመርጣለህ። ከዚያ በኋላ የመጡት ባንዶች ድፍረቱን ይዘው ጩኸቱን ተዉት። ኒው ዌቭ፣ ድኅረ ፐንክ፣ ወደ ሰማንያዎቹ መጨረሻም አልተርኔቲቭ እየተባለ ስሙ ቢለዋወጥም መልካም ጠባዩ ግን አንድ ነው፦ ቅርብ ያለውን፣ ትንሹን፣ አንዱን ነገር ይመለከታል፤ ሲመለከትም አያለቅስም።

ለዚህ ከጆይ ዲቪዥን የተሻለ ምስክር የለም። በ1979 ያወጡትን «አንኖውን ፕለዠርስ» የተባለውን አልበም አዳምጡት። ፕሮዲዩሰሩ ማርቲን ሃኔት እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻው አስቀምጦታል። ድራሙ ባዶ ኮሪደር ውስጥ የሚመታ ይመስላል። ዜማውን የሚሸከመው፣ እንደ ልማዱ ከሥር ሆኖ ማጀብ የነበረበት ቤዝ ጊታር ነው። ሊድ ጊታሩ ቀጭን ነው፤ መሀሉ ባዶ ነው፤ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ኢያን ኩርቲስ በወፍራም ድምፁ ብቻውን ይቆማል። ይህ ሰው አካለ ስንኩላንን ሥራ በሚያስቀጥር መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ሥራ ፍለጋ ትመጣ የነበረች አንዲት የሚጥል በሽታ ያለባትን ወጣት እዚያ ያውቅ ነበር፤ በኋላ መሞቷን ሰማ። «ሺ'ዝ ሎስት ኮንትሮል» የሚለው ዘፈን የተነሣው ከዚህ ነው። ብዙም ሳይቆይ ኩርቲስ ራሱ ያው በሽታ እንዳለበት ታወቀ።

ዘፈኑ ግን «ምስኪን» አይላትም። ስለ ሥቃይ ምንነትም አይሰብክም። አንዲት ሴት ስትወድቅ ያየ ሰው ያየውን ይናገራል፤ ድራሙ ደግሞ ያለ ርኅራኄ ይቀጥላል። ይህን ስሜት አልባነት የሚሉት ወዳጆቻችን የአገራቸውን ሙሾ አውራጅ ያስታውሱ። ጎበዝ አልቃሽ «ኀዘናችን ከባድ ነው» ብላ አትጀምርም። የሟቹን በቅሎ፣ የሟቹን ጠመንጃ፣ የተቀመጠበትን መደብ ነው የምትጠራው። ለቀስተኛው ያን ጊዜ ነው የሚፈነዳው። ኀዘን በጅምላ አይገባም፤ በዕቃ በዕቃው ነው የሚገባው። ጆይ ዲቪዥኖች በኤሌክትሪክ ጊታር ያደረጉት ከዚህ የራቀ አይደለም።

«እሺ፣ ማሽኑስ?» ይባል ይሆናል። ኩርቲስ ግንቦት 18 ቀን 1980 በ23 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። የቀሩት ሦስቱ ጊሊያን ጊልበርትን ጨምረው ኒው ኦርደር በሚል ስም ቀጠሉ፤ በ1983ም «ብሉ መንዴይ»ን አወጡ። ከሰባት ደቂቃ በላይ የሚሄድ፣ ድራሙን ማሽን የሚመታው፣ ለዳንስ ቤት የተሠራ ዘፈን ነው። ላዩን ሲሰሙት ጭፈራ ነው። እኔ እንደምሰማው ግን ቀብር የቀበረ ሰው በማግስቱ ወደ ሥራው ሲገባ ያለውን ነገር ይናገራል፦ እጅ ይንቀሳቀሳል፣ ሰዓት ይቆጥራል፣ ድምፅ ግን ከሰውየው ርቋል። ማሽኑ ስሜቱን አልገደለውም፤ ስሜቱ ራሱ ይህን የመሰለ ነበርና ቅርጹን ሰጠው። ቅርጽና ይዘት እንደዚህ ሲገናኙ ሐያሲ ምን ይጨምራል?

አሁን ወደ ራሳችን ዘፈን እንመለስ። ጥቅምት 23 ቀን 1984 ማይክል በርክ የዘገበውና ሞሐመድ አሚን በካሜራ ያነሣው የኮረም መጠለያ ፊልም በቢቢሲ ታየ። የቡምታውን ራትስ ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ አይቶ ተነሣ። ከአልትራቮክሱ ሚጅ ዩር ጋር ሆኖ ዘፈን ጻፈ፤ ኅዳር 25 ቀን ለንደን ውስጥ የዱራን ዱራን፣ የስፓንዳው ባሌ፣ የካልቸር ክለብና የሌሎችም ሰዎች ተሰብስበው ቀረጹት። በብሪታንያ ብቻ ከሦስት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። የዘመኑ ኒው ዌቭ ግማሹ ክፍል በአንድ ስቱዲዮ ተገኝቷል ማለት ይቻላል።

ታዲያ ያ ቅርቡን የሚያይ ዓይን የት ሄደ? ግጥሙ ውስጥ ኢትዮጵያ የሚል ስም የለም፤ አፍሪካ የሚል ብቻ ነው ያለው። ወንዝ የማይፈስበት ምድር ተደርጋ የተሳለችው ይህችው የዓባይ አገር ናት። ወሎ፣ ትግራይ፣ ጦርነት፣ መንግሥት የሚል ነገር አይነሣም፤ ረኃቡ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ርዕሱ የሚጠይቀውን ጥያቄማ ተዉት! ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ክርስቲያን የነበረች አገር ናት የምትጠየቀው። እንዲያውም መልስ ካስፈለገ፣ በእነሱ ገና ቀን እኛ ገና ታኅሣሥ 16 ላይ ነበርን።

ይህ የችሎታ ማነስ አይደለም። ያው ጌልዶፍ በ1979 «ሰኞን አልወድም» የሚል ዘፈን ሠርቶ ነበር። መነሻው እንደዚሁ ዜና ነው፦ በካሊፎርኒያዋ ሳን ዲየጎ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ላይ ተኩስ ከፈተች፤ ለምን ስትባል የሰጠችው መልስ የዘፈኑ ርዕስ ሆነ። እዚያ አንዲት ልጅ፣ አንድ መልስ፣ አንድ ጠዋት ይዞ ጨከን ብሎ ተመለከተ፤ ዘፈኑም ይወጋል። ስለ እኛ ሲዘፍን ግን ሚሊዮኖችን በአንድ ጊዜ ለማየት ሞከረና ማንንም ሳያይ ቀረ።

«ስለ ሩቅ አገር መዝፈን አይቻልም ወይ?» ለሚል መልሱ ይቻላል ነው። በዚያው በ1984 ስፔሻል ኤኬኤዎች «ነልሰን ማንዴላን ፍቱ» ብለው ዘፈኑ። ደራሲው ጄሪ ዳመርስ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ እስር ቤት፣ አንድ ጥያቄ። ዘፈኑ ምጽዋት አይለምንም፤ ያስጨፍራል፣ ይጠይቃል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1980 የኒውዮርኮቹ ቶኪንግ ሄድስ ከብራያን ኢኖ ጋር «ሪሜይን ኢን ላይት»ን ሲሠሩ የናይጄሪያውን ፌላ ኩቲን እንደ አስተማሪ አዳምጠዋል። ግጥማቸው ግን ስለ ራሳቸው ከተማና ስለ ራሳቸው ግራ መጋባት ነው። ከአፍሪካ ተማሩ እንጂ አላዘኑላትም። አንዱ እንደ ጓድ፣ ሌላው እንደ ተማሪ ቀረበን። ሦስተኛው እንደ መጽዋች። ከሦስቱ በጥበብ የደከመው የትኛው እንደሆነ ጆሮ ያለው ይፍረድ።

ከሁሉ የሚገርመው ሐምሌ 13 ቀን 1985 በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ የሆነው ነው። ዴቪድ ቦዊ ከራሱ ዘፈኖች አንዱን ትቶ ጊዜውን ከኢትዮጵያ ለመጣ የረኃብ ፊልም ሰጠ። በፊልሙ ላይ የተደረበው ሙዚቃ የአሜሪካው ኒው ዌቭ ባንድ የካርስ «ድራይቭ» ነበር። ይህ ዘፈን ስለ እኛ የተጻፈ አይደለም። ኑሮዋ እየፈረሰ ላለች ለአንዲት ሴት በለሆሳስ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ሆኖም ከሥዕሉ ጋር ገጠመ፤ ለእኛ ተብሎ ከተጻፈው ይልቅ የእኛን ኀዘን ተሸከመ። ለምን? አንድን ሰው በትክክል ያየ ዘፈን ለሌላውም ቦታ ስላለው ነው። ስለ ሁሉም ልናገር ያለው ግን ለማንም ቦታ የለውም።

ከባዱን ተቃውሞ አላልፈውም። «ሰው ሲሞት ገንዘቡ እህል ሆኗል፤ አንተ ስለ ግጥም ታወራለህ?» ይባላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በ1977 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ወሎና ትግራይ ሲያልቁ፣ የራሳችን መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድግስ ያከብር እንደነበር መርሳት የለብንም። ባዕድ በደካማ ግጥም ሲጮኽልን የእኛው አዋጅ ነጋሪ ዝም ብሏል። ስለዚህ ለእህሉ ምስጋና ይገባል፤ ምስጋናው ይመዝገብ። ግን የእህልና የዘፈን ሒሳብ በአንድ መዝገብ አይያዝም። እህሉ ተበልቶ አልቋል፤ ዘፈኑ ግን በየገናው ይደገማል። በ1989፣ በ2004፣ በ2014 እንደገና ተቀረጸ፤ በ2024ም የቀድሞዎቹ ድምፆች ተቀላቅለው ወጡ። በዓለም ጆሮ የአንድ አገር ሥዕል ሆኖ የቀረን ነገር እንዴት ሳይተች ይታለፋል? በ2014 ፊውዝ ኦዲጂ የተባለው ጋናዊ ተወላጅ የእንግሊዝ ሙዚቀኛ የአፍሪካን ሥዕል ያበላሻል ብሎ በቀረጻው አልሳተፍም ማለቱ ከዚህ ነው።

መልካሙ ዜና ያ የቀድሞው ዓይን አለመጥፋቱ ነው። የብለሩ ዴመን አልባርን በ2002 ያወጣው «ማሊ ሙዚክ» ቱማኒ ዲያባቴንና አፈል ቦኩምን ከመሰሉ የማሊ ሙዚቀኞች ጋር የተሠራ ነው። ባለቤቶቹ በስማቸው ይጠራሉ፤ በድምፃቸው ይሰማሉ። የአልተርኔቲቩ ትውልድ ከቶኪንግ ሄድስ የወረሰው መንገድ ይህ ይመስለኛል።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ፍርዱን ለጊዜው አቆዩትና አዳምጡ። መጀመሪያ «አንኖውን ፕለዠርስ»ን ከዳር እስከ ዳር፣ ቀጥሎ «ብሉ መንዴይ»ን፣ ከዚያ «ሪሜይን ኢን ላይት»ን። የገናውን ዘፈን መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ ያን ጊዜ የጎደለው ነገር ራሱ ይናገራል። ጽሑፋቸውን ወደዚህች መጽሔት ለሚያመጡ ገጣሚ ወንድሞችና እህቶችም አንድ ቃል አለኝ፤ «ሕዝቤ ሆይ» ብላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ከሕዝቡ አንዱን ሰው በስሙ ጥሩት። በዚህ የማይስማማ ካለ ደግሞ ብዕሩን ያንሣ፤ በሚቀጥለው እትም ቦታ አለ።