ከራስ ቅል የሚወጣ ብርሃን

ልጅቷ ጫካ ውስጥ ናት። በእጇ በትር ይዛለች፤ ጫፉ ላይ የሰው ራስ ቅል ተሰክቷል፤ ከራስ ቅሉ ዓይኖች ብርሃን ይፈልቃል። ከኋላዋ የጠንቋይዋ ጎጆ ይታያል። ሩሲያዊው ሠዓሊ ኢቫን ቢሊቢን ይህን ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1899 ሲሠራ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር።

«ውቢቷ ቫሲሊሳ» የተባለውን ተረት ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ቤት ውስጥ እሳት ሲጠፋ፣ የእንጀራ እናቷ ልጆች ቫሲሊሳን ሰው በላዋ ባባ ያጋ ዘንድ ሄዳ እሳት እንድታመጣ ይልኳታል። ባባ ያጋ የቆለለችባትን ሥራ፣ ሟች እናቷ የተወችላት ትንሽ አሻንጉሊት ትሠራላታለች። ምን እንደረዳት ስትጠየቅ ግን የእናቷን ምርቃት ብቻ ትጠቅሳለች። ጠንቋይዋ የተመረቀ ሰው ቤቷ ማየት አትፈልግም፤ ራስ ቅሉን አስይዛ ታባርራታለች። ያ ራስ ቅል ቤት ሲገባ የእንጀራ እናቲቱንና ልጆቿን አቃጥሎ አመድ ያደርጋቸዋል።

ቢሊቢን ለዚህ ሥዕል ቃጠሎውን አልመረጠም፤ መንገዱን መረጠ። ልጅቷ የተሸከመችው መብራት ይሁን መሣሪያ ገና አታውቅም። ለጊዜው መንገድ ያሳያታል፣ በቃ። የሥዕሉ ጉልበት ለእኔ እዚህ ላይ ነው፦ እርዳታው ራሱ ያስፈራል፤ እሷ ግን አልጣለችውም።

አሣሣሉም ያግዛል። ሁሉም ነገር በጥርት ያለ መስመር ተከቧል፤ በመስመሮቹ መሃል ቀለሙ ዝርግ ነው። የጃፓን የእንጨት ህትመትና የሩሲያ ገበሬዎች ጥልፍ ተጽዕኖ በግልጽ ይታያል። መጽሐፉን ያተመው ደግሞ የገንዘብ ኖት የሚያትመው የመንግሥት ማተሚያ ቤት ስለነበር፣ መስመሩ ጥራቱን እንደጠበቀ ልጆች እጅ ገባ። ልጅቷ ብትፈራም መስመሩ አይንቀጠቀጥም። ለሕፃን አንባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፦ አስፈሪውን ነገር ሳይደብቅ፣ ግን በረጋ እጅ ያሳየዋል።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። የዳር ጌጡ በጣም ስለሚያምር ዓይን እዚያው ይቀራል፤ ጫካውም ከሚያስፈራው ይልቅ የሚያምረው ይበልጣል። ጨለማው ትንሽ ሻከር ቢል እኮ ብርሃኑ የበለጠ ይገባን ነበር።

ያም ሆኖ፣ የልጆች መጽሐፍ ላይ አስፈሪ ሥዕል አይግባ ለሚል ሰው የማሳየው ይህንኑ ነው። ራስ ቅሉን አውጡትና እዩት፤ ልጅቷ ጨለማ ውስጥ ትቀራለች።