ዲክሲስ በ900 ውፍረት፦ የኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ሂሳዊ ዳሰሳ

በአርሲ ደጋ፣ በአሰላም ሆነ በዲክሲስ፣ ሰሌዳ የሚነድፍ ባለሙያ የኦሮምኛን የላቲን ፊደል ቁቤንና የአማርኛን ፊደል ጎን ለጎን ማስማማት ይኖርበታል። በጎግል የኖቶ ስብስብ ውስጥ የሚገኘው ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ለዚህ ሥራ ትልቅ ስጦታ ነው። በነጻ የሚገኝ ተለዋዋጭ ፎንት ሲሆን ሁለት ዘንጎች አሉት፤ ውፍረቱ ከ100 እስከ 900፣ ስፋቱ ከ62.5 እስከ 100 ይዘልቃል። የላቲኑ ኖቶ ሰሪፍም በእነዚሁ ቁጥሮች ስለሚታዘዝ የሁለቱን ቋንቋዎች መስመር በአንድ ክብደት ማቆም ይቻላል።

የተለዋዋጭ ፎንት ሐሳብ አዲስ አይደለም። አዶቤ በ1991 እ.ኤ.አ. መልቲፕል ማስተር የተባለውን ስልት አስተዋውቆ ነበር፤ ዛሬ የምንጠቀምበት የተለዋዋጭ ፎንት ስልት ደግሞ በ2016 ይፋ ሆነ። ነዳፊው ማስተር የሚባሉትን ጫፎች ይስላል፣ መሃሉን ኮምፒዩተሩ ያሰላል። ስሌቱ እንዲሰምር የአንድ ፊደል ነጥቦች በየማስተሩ በቁጥርም በቅደም ተከተልም አንድ መሆን አለባቸው። ለኛ ፊደል ሸክሙ ከባድ ነው፦ 33 ፊደላት በ7 ቤት 231 ይሆናሉ፤ የሁለቱን ዘንግ 4 ማዕዘኖች ሁሉ በእጅ መሳል የፈለገ 924 ሥዕል ይጠብቀዋል።

ድካሙ ግን ዋጋ አለው። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው ርእስ ከዝርዝር የሚለየው በመጠን፣ በውፍረትና በስፋት ነው። ይህ ፎንት በመካከለኛ ውፍረቱ የቋሚውን መስመር ክብደትና የአግድሙን ቅጥነት ጠብቆ የብራና ጽሕፈትን ጠባይ ያስታውሳል። እዚህ ላይ ሥራው የሚያኮራ ነው።

ችግሩ የሚመጣው 900 ውፍረትና 62.5 ስፋት ሲገናኙ ነው። «ዲክሲስ» ውስጥ ያሉት ዲ እና ሲ ሣልስ ናቸው፤ ድምፃቸውን የምትሸከመው ከቀኝ እግራቸው ሥር የወጣችው አጭር ሰረዝ ናት። ኀምሶቹ ዴ እና ሴ በዚያው ቦታ ቀለበት አላቸው። እግሩ ሲደልብና ሜዳው ሲጠብ የቀለበቱ ውስጥ ይሞላል፣ ከመንገድ ማዶ ለሚያነብ ሰውም ኀምሱ ወደ ሣልስ ይጠጋል። የላቲኑ «e» ሆዱ ቢጠብ ያው «e» ነው፤ የኛ ፊደል ግን ቀለበቱን ካጣ ሌላ ድምፅ ይሆናል። ስለዚህ ጉዳዩ ከውበት አልፎ የንባብ ነው።

መጠንን የሚከተል ሦስተኛ ዘንግ አለመኖሩ ጉድለቱን ያሰፋዋል፤ ለመጽሐፍ ገጽ የተመጠነች ሰረዝ ወይም ቀለበት በሰሌዳም ያንኑ ምጣኔዋን ይዛ ትወጣለች። ለርእስና ለሰሌዳ ተብሎ ፎንት ለሚነድፍ ሰው ምክሬ ግልጽ ነው፦ ወፍራሙንና ጠባቡን ማዕዘን ለስሌት አይተወው፤ ኀምሶቹን እዚያ በእጁ ይሳል፣ ቀለበታቸውንም ከእግሩ ያርቅ። እስከዚያው ይህን ፎንት ከ700 ውፍረት ሳያልፉና ስፋቱን ከ75 ሳያወርዱ መጠቀም ይበጃል።