ቫይረሱ ከጠፋ በኋላ ልብን ስለ መመርመር

የልብ ጡንቻ ብግነትን በአይጥ የሚመረምር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባ ጥበብ፥ በአንድ ልብ ውስጥ ተከታትለው የሚመጡትንና መልካቸው እጅግ የሚቀራረበውን ሁለት ደዌያት ለይቶ ማወቅ ነው፤ ፊተኛው ቫይረሱ ራሱ የሚያደርሰው ጥፋት ሲሆን፥ ኋለኛው ቫይረሱ ከጠፋ በኋላ፥ አካልን እንዲጠብቅ የተሰጠው ኃይል በገዛ አካሉ ላይ ተነሥቶ የሚያደርሰው ነው።

የምንሠራበት ቫይረስ ኮክሳኪ ቢ3 ይባላል። ወገኑ ስሙን ያገኘው ጊልበርት ዳልዶርፍና ግሬስ ሲክልስ፥ በኒውዮርክ ግዛት ከምትገኘው ከኮክሳኪ ከተማ ሕፃናት የተወሰደውን ናሙና ጡት ለሚጠቡ የአይጥ ግልገሎች ሰጥተው፥ ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ1948 ካስታወቁ በኋላ ነው። ደዌው ሁለት ምዕራፍ እንዳለው ግን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በግልጽ ያስረዱት፥ በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ኖኤል ሮዝና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ቢ10.ኤ የተባለው የአይጥ ዝርያ ታሞ ሲድን፥ ኤ/ጄ የተባለው ግን በዚያው ቫይረስ ተይዞ፥ ቫይረሱ ከልቡ ከታጣ በኋላም ከብግነት ሳይላቀቅ ይቆያል፥ በደሙም ውስጥ ማዮሲን የተባለውን የልብ ጡንቻ ፕሮቲን የሚቃወም ፀረ እንግዳ አካል ይገኛል።

ከባቄላ ፍሬ እምብዛም የማይበልጠውን ያን ልብ በፎርማሊን አጽንተን፥ በሰም ውስጥ አስገብተን፥ በስሱ ቆርጠን በሄማቶክሲሊንና በኢኦሲን ካቀለምነው በኋላ በማይክሮስኮፕ ስንመለከተው፥ ቫይረሱ በተሰጠ በዘጠነኛው ቀን የተወሰደው ልብ፥ ሮዝ ቀለም በያዘው ጡንቻ መካከል እዚህም እዚያም የሞቱ ሕዋሳትን፥ በዙሪያቸውም ጥቅጥቅ ብለው የከበቧቸውን ሰማያዊ አስኳል ያላቸው የመከላከያ ሕዋሳት ያሳያል፤ በሠላሳ አምስተኛው ቀን የተወሰደው ግን ሕዋሳቱ በጡንቻው ክሮች መካከል ተሰራጭተው፥ የሞተውም ጡንቻ በጠባሳ ተተክቶ ይታያል። ሆኖም ዓይን ብቻውን ሊፈርድ አይገባውም፤ ስለዚህ ከልቡ ከፊሉ ተፈጭቶ በሕያዋን ሕዋሳት ላይ ይፈሳል፥ ሕዋሳቱም በቫይረሱ ቢሞቱ ፊተኛው ደዌ ገና አላበቃም ማለት ነው።

ሕዋሳቱ በሕይወት ቢኖሩስ? ብዙዎች ወደ ፍርድ የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ተላላፊው ቫይረስ ጠፍቶ ሳለ፥ አርኤንኤው በጡንቻው ውስጥ ተሸሽጎ ሊቆይ ይችላልና፥ የቫይረሱ መታጣት ብቻውን የራስ በራስ ጥቃትን አያስረዳም። የሮዝ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመው ሥራ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚልቀው ስለዚህ ነው፤ ምንም ቫይረስ ሳይኖር፥ የልብ ማዮሲን የመከላከያን ኃይል ከሚያነሣሣ አጋዥ ጋር ተቀላቅሎ ሲሰጥ፥ ለደዌው የተጋለጡት ዝርያዎች ልባቸው ታመመ።

ይሁንና የአይጥ ልብ የሰው ልብ አይደለም፤ በጎልማሳ አይጥ የልብ ታችኛ ክፍሎች የሚበዛው አልፋ የተባለው የማዮሲን ዓይነት ሲሆን በሰው ግን ቤታ የተባለው ነው። ወንዱም አይጥ ከሴቷ ይልቅ በብርቱ ይታመማል።

እንግዲህ ወደዚህ ሙያ የምትገባ ወጣት ሆይ፥ ነፍስ ያለው ፍጡር ስለዚህ ዕውቀት ይሞታልና፥ ወንዱን ከሴቷ ሳትቀላቅል፥ ስላይዱ ከየትኛው አይጥ እንደ መጣ ሳታውቅ አንብብ፤ ከቫይረሱም ሙከራ አጠገብ ሁልጊዜ የማዮሲኑን አቁም።