ነጩ ሜዳ፦ ቆቦና የራያ ቆላ በጥንታዊ የመልክዐ ምድር ካርታዎች ላይ ሲነበቡ

ቆቦ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ12ኛው የኬክሮስ፣ ከግሪንዊች በስተ ምሥራቅ በ39ኛው የኬንትሮስ ዲግሪ ውስጥ የምትገኝ በመሆኗ፣ በ1፡50,000 ስኬል የተዘጋጀው የሀገራችን የመልክዐ ምድር ካርታ ለርሷና ለአካባቢዋ የሰጠው የሉህ ቍጥር በ1239 ይጀምራል። እያንዳንዱ ሉህ በኬክሮስም በኬንትሮስም 15 ደቂቃ፣ በምድር ላይ ሲለካም በየጎኑ 27 ኪሎ ሜትር ያህል የሚይዝ ስለ ሆነ፣ ሁለት ሦስት ሉሆች ጎን ለጎን ሲዘረጉ ከወልድያ ማዶ አንሥቶ እስከ አላማጣ ያለው ሸለቆ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይታያል። በምዕራብ በኩል ወደ ላስታ የሚያወጣው ገደል በቡናማ የከፍታ መስመሮች እጅግ ተጨናንቆ ስሞቹን ለማንበብ እንኳ ሲያዳግት፣ በምሥራቅም የዞብል ተራራ የአፋርን በረሓ ጋርዶ በዚያው ቀለም ተሥሎ ሳለ፣ በመካከላቸው ያለው ሜዳ፣ ማሽላው የሚበቅልበት፣ ገበያው የሚቆምበት፣ ሕዝቡም ተሰብስቦ የሚኖርበት ምድር ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይህ ነጭነት ከወረቀቱ ጕድለት የመጣ ሳይሆን የራሱ የልደት ታሪክ ያለው ነገር ነው፤ ያን ታሪክ መመርመርም የወረዳውን ያለፈ ዘመን ከመመርመር የማይለይ ሥራ መሆኑን በሚከተለው ሐተታ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ካርታ ከመሣሉ በፊት ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት የዐፄ በእደ ማርያም ዜና መዋዕል ይህን ቆላ የሚያነሣው የዶብአ ሰዎች የሚኖሩበት፣ ንጉሡም ሠራዊት አስከትተው የዘመቱበት ምድር አድርጎ ነው፤ ጸሐፊው ጦሩን ተከትሎ ይሄዳልና የሚያየው ጦሩ ያየውን ያህል ብቻ ነው። በ1512 ዓ.ም. ምፅዋ ላይ ወርዶ ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የተጓዘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም የዶብአን አገር ዳር ዳሩን እየታከከ፣ ሽፍታውን እየፈራ፣ ወደ ጥንታዊው የአንጎት ግዛት ዐለፈ። አባ ጎርጎርዮስ ከወሎ ምድር፣ ከመካነ ሥላሴ ሄደው በጀርመን አገር ለሊቁ ሂዮብ ሉዶልፍ የሀገራቸውን ነገር ባስረዱ ጊዜ ሉዶልፍ ከቃላቸው እየለቀመ እ.ኤ.አ. በ1683 ባሳተመው የኢትዮጵያ ካርታ ላይ አንጎት በስሙ ተጽፎ ይገኛል፤ ነገር ግን በልክ ሳይሆን በትውስታ የተቀመጠ ነውና ተራራው ከሜዳው፣ ወንዙ ከበረሓው አይለይበትም። እንዲያም ሆኖ ከኋለኞቹ ካርታዎች የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ምንጩ በመነጽር አሻግሮ የሚያይ መንገደኛ ሳይሆን ከዚያው አገር የተወለደ ሰው ነበረና።

በመሣሪያ የለካ የመጀመሪያው ትልቅ ጕዞ በዚህ አቅጣጫ ያለፈው በ1860 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ከዙላ ተነሥቶ በአንታሎና በሐይቀ አሸንጌ አድርጎ ወደ መቅደላ ሲገሰግስ፣ የጂኦግራፊው ሊቅ ክሌመንትስ ማርካም አብሮ ይጓዝ ነበር። ከአሸንጌ በኋላ ግን ጦሩ ወደ ቆላው አልወረደም፤ በላት አድርጎ፣ የደጋውን ጫፍ እየተከተለ፣ ተከዜን ተሻግሮ በቤተ ሖር በኩል ወደ ደላንታ ወጣ። የወባው ፍርሃት፣ የውኃውም ነገር፣ ከቆላው ሕዝብ ጋር የሚመጣው ጠብ፣ ይህ ሁሉ የደጋውን መንገድ የሚያስመርጥ ነበር። ከዚህ የተነሣ በጕዞው ካርታ ላይ እያንዳንዱ የሰፈር ቦታ በጥንቃቄ ሲመዘገብ፣ የራያ ሜዳ ከገደሉ አፋፍ ቁልቍል የታየ ሩቅ አገር ሆኖ ቀረ። ለታሪክ ጸሐፊ ይህ እንደ ማስረጃ ሊቈጠር ይገባል፦ ካርታው ስለ ሜዳው ምንም ባይነግረን፣ በዚያ ዘመን ሜዳው ለማን የተከፈተ፣ ለማን ደግሞ የተዘጋ እንደ ነበረ ይነግረናል።

ሜዳውን ለካርታ የከፈተው ጦርነትና መኪና ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ከሆነ በኋላ፣ ወደ ኋላ የሚያፈገፍገውን የንጉሠ ነገሥቱን ሠራዊት የራያና የአዘቦ ሰዎች ሳይቀሩ የወጉት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ኢጣልያኖችም ደሴን እንደ ያዙ ከአሥመራ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን ጥርጊያ በዚሁ ቆላ ላይ ዘረጉት። መንገዱ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከኮረም ተነሥቶ ወደ አላማጣ ሲወርድ በግራትካሕሱ ጥምዝምዝ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ይጥልና ከዚያ በኋላ በዋጃና በቆቦ፣ በሮቢትና በጎብዬ አድርጎ በሸለቆው ውስጥ ወደ ወልድያ አቅጣጫ ይዘልቃል። በዚህ የተነሣ የመንገደኛው ዐይን ከገደሉ አፋፍ ወደ ሜዳው ወለል ወረደ። በ1930 ዓ.ም. በሚላኖ የታተመው የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ የመንገደኞች መምሪያ መጽሐፍም ሆነ በፊሬንዜ የሚገኘው የጦር ጂኦግራፊ ተቋም ያሳተመው ባለ 1፡400,000 ካርታ የተሠሩት ለዚሁ ዐይን ነው፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ተዘርዝሮ፣ ከዚያ የራቀው ይሣሳል። ጣልያኖቹ ጎሊናን ጎሊማ ብለው መጻፋቸው ቀላል ነገር ነው፤ ከባዱ ነገር ከመንገዱ ግማሽ ቀን የሚያስኬደውን መንደር ጨርሶ አለመጻፋቸው ነው።

ከእነዚህ የታተሙ ካርታዎች ይልቅ ለወረዳው ታሪክ የሚበልጥ ሀብት በዚያው ዘመን ተሰብስቦ ለብዙ ዓመታት ተረስቶ ነበር። በ1927 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ጣልያኖች ያነሡት የአየር ፎቶግራፍ፣ ወደ 34,000 የሚጠጋ ሥዕል በ8,281 ሰሌዳዎች ላይ ተለጥፎ፣ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ድርጅት ተቀምጦ ተገኘ። የቤልጅጉ የጌንት ዩኒቨርሲቲ መምህር ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው፣ ከኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ጋር ሆነው፣ ስለዚህ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አንድ ቀጥታ ወደ ታች የተነሣ ፎቶግራፍ፣ ሁለት በጥቂቱ ያዘነበሉና አንድ በጣም ያዘነበለ ፎቶግራፍ ይገኛሉ። ስብስቡ አገሪቱን ሁሉ አይሸፍንም፤ አውሮፕላኑ የበረረው ጦሩ በሚፈልገው አቅጣጫ ነው። ነገር ግን ካርታ ሠሪው የመረጠውንና የጣለውን ሁለቱንም አብሮ ይዟል፤ ፎቶግራፍ ቤትን ከጎተራ፣ አጥርን ከማሳ አያበላልጥምና።

ከነጻነት በኋላ የመጣው ሥራ ሌላ መልክ አለው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ሚሲዮን በጋራ ተቋቁሞ ከአየር በተነሡ ፎቶግራፎች አገሪቱን ሲለካ፣ ቀደም ብሎ ለዐባይ ሸለቆ ጥናት የተዘረጋው የሥነ ልክ መረብ መሠረት ሆነው። ከዚህ ሥራ በመጀመሪያ ባለ 1፡250,000 ሉሆች፣ ቀጥሎም በየጊዜው የ1፡50,000 ሉሆች ተወለዱ። እነዚህን ሉሆች ለታሪክ የሚያነብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ግርጌው ጽሑፍ መሄድ አለበት፤ ፎቶግራፉ የተነሣበት ዓመትና ሉሁ የታተመበት ዓመት አንድ አይደሉም፣ አንዳንድ ጊዜም የብዙ ዓመት ርቀት ይኖራቸዋል። የሕትመቱን ዓመት ይዞ «በዚህ ጊዜ ይህ መንደር ነበረ» የሚል ጸሐፊ ከምስክሩ ሳይሆን ከማተሚያ ቤቱ ይጠቅሳል፤ በዲግሪ ማሟያ ጽሑፎች ውስጥ ይህን ስሕተት ማግኘት አያስቸግርም።

አሁን ወደ ነጩ ሜዳ እንመለስ፤ ጕዳዩ የሚጠልቀው እዚህ ነውና። በ1፡50,000 ሉሆች ላይ አንዱ የከፍታ መስመር ከሌላው የሚለየው በ20 ሜትር ነው። መሬቱ በ100 ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ብቻ የሚወርድ ቢሆን፣ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ለመድረስ 2 ኪሎ ሜትር መሄድ ያስፈልጋል፤ ይህም በወረቀቱ ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ማለት ነው። የቆቦ ሜዳ ከገደሉ በሚወርዱት ወንዞች፣ በሆርማት፣ በጎሊናና በመሰሎቻቸው፣ ዘመን ከዘመን በተደለደለ አፈር የተሠራ ስለ ሆነ፣ የኑሮው ነገር ሁሉ የሚወሰነው በሜትርና በክንድ ከፍታ ነው። ገበሬው ክረምት ሲገባ ከገደሉ የሚወርደውን ጎርፍ በአፈርና በድንጋይ ክትር እየጠለፈ፣ ከዋናው ቦይ ወደ ንኡሳን ቦዮች፣ ከዚያም ወደ ማሳው ይመራዋል፤ የውኃ አባቶች ተራ ይደለድላሉ፣ ክትሩ ሲፈርስ ሰው ያሰልፋሉ። የማን ማሳ ከማን ማሳ በአንድ ክንድ እንደሚበልጥ ማወቅ ደጋሊት ወይም ጅጉርቲ ማሽላ እሸት ይሆን ወይስ ይደርቅ የሚለውን ይፈርዳል። ይህ ሁሉ በሁለቱ መስመሮች መካከል ባለው በ4 ሳንቲ ሜትሩ ነጭ ወረቀት ውስጥ ይኖራል።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። የአየር ፎቶግራፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ደመና በሌለበት በበጋ ነው። ስለዚህ እነዚህ ካርታዎች ሁሉ የበጋ ካርታዎች ናቸው፤ በሐምሌና በነሐሴ የሚወርደው ጎርፍ፣ በአንድ ሌሊት የሚሠራውና የሚፈርሰው ክትር፣ በሜዳው ላይ የሚተኛው ውኃ በሉሆቹ ላይ አልተያዙም። በሉሁ ላይ ሆርማት በነጠብጣብ አሸዋ የተሞላ ሰፊ አልጋ ብቻ ሆኖ ይታያል። ጎሊናም ዞብልን ሰንጥቆ ወደ አፋር ሲገባ፣ መንገደኛው በእግሩ የሚሻገረው ደረቅ ወንዝ ይመስላል።

ሆኖም ይኸው የወንዝ አልጋ ለታሪክ ጸሐፊ ከተራራው የሚበልጥ ምስክር ነው፤ ተራራው በካርታዎቹ መካከል አይንቀሳቀስም፣ ወንዙ ግን ይንቀሳቀሳል። በራያ ሸለቆ ምዕራባዊ ገደል ላይ ከመቐለና ከጌንት ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ የጂኦግራፊ ሊቃውንት የድሮውንና የአሁኑን ሥዕል አስተያይተው እንዳመለከቱት፣ ገደሉ በተራቈተ ዘመን ጅረቶቹ ድንጋይና አሸዋ እየተሸከሙ ወደ ሜዳው እየሰፉ ወርደዋል፤ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ገደሉ ከከብት ተከልሎ ደኑ ባገገመበት ሥፍራ ደግሞ ጠብበዋል። ዶናልድ ክራሚም እ.ኤ.አ. በ1998 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ ጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ1937 በወሎ ያነሡትን ፎቶግራፍ ከስድሳ ዓመት በኋላ ከዚያው ቦታ ከተነሣው ጋር አነጻጽረው፣ በብዙ ሥፍራ ዛፉ መጨመሩን እንጂ መቀነሱን አላገኙም። የወሎ ደን «በአባቶቻችን ዘመን» አለቀ የሚለው የተለመደ ቃል በዚህ ፊት ሲቀርብ ይፈተናል። እኔ ግን የክራሚን መደምደሚያ ለቆላው ሳይመረመር መውሰድ አይገባም ባይ ነኝ፤ የጨመረው ዛፍ አብዛኛው በቤት ዙሪያ የተተከለ ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ የራያ ሜዳ ጥያቄ ግን የግራሩ ጥያቄ ነው፤ ግራርም በካርታ መፍቻው ላይ በስሙ ለብቻው አይለይም።

የመንገዱ ነገር ደግሞ በመጥፎ ቀን የተገለጠ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኃቡ በወሎ በበረታ ጊዜ ሕዝቡ የወጣው ወደ ጥርጊያው መንገድ ነው፤ በ1977ም እንዲሁ ኮረም በዓለም ሁሉ ታወቀች። ተጐጂዎቹ የመጡት በካርታው ላይ መንገድ ከማይታይበት አገር ሲሆን፣ ዓለም ያያቸው ግን መንገዱ ላይ ነው። ጄምስ ማካን ስለ ሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ የገጠር ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት መጽሐፍ ረኃብ ከድርቅ በፊት ቀስ እያለ በገበሬው ቤት ውስጥ እንደሚበስል አሳይተዋል፤ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም ገጠሩ ለረኃብ የሚጋለጥበትን ምክንያት ከሰማይ ይልቅ በገበሬው ላይ በተጫነው ሥርዐት ውስጥ ፈልገዋል። ፕሮፌሰር መስፍን ራሳቸው ጂኦግራፈር ሆነው ሳለ ይህን ማለታቸው የሚደነቅ ነው።

የቀረው የወሰኑ ነገር ነው፤ ዛሬ ከሁሉ ይልቅ የሚጮኸውም እርሱ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በተሠሩት ሉሆች ላይ ቆላው ራያና ቆቦ አውራጃ ተብሎ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ሲገኝ፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አላማጣና ቆቦ በሁለት ክልሎች ተለያዩ፤ በዋጃና በአላማጣ ዙሪያ ያለው ክርክርም የድሮውን ካርታ በየወገኑ ለምስክርነት ይጠራዋል። ምስክሩ ምን እንዳየ ሳይጠየቅ ቃሉን መቀበል ግን በየትኛውም ችሎት አይገባም። የከፍታ መስመር ከፎቶግራፉ ላይ በመሣሪያ የተነበበ ነው፤ የአውራጃ ወሰን ግን ከሰማይ አይታይምና በቢሮ ከተያዘ ጽሑፍ፣ ከአስተዳዳሪው ቃል፣ አንዳንዴም ከቀድሞው ሉህ የተቀዳ ነው። ስለዚህ በሉሁ ላይ ካሉት ቀለሞች ሁሉ የወሰኑ ቀለም ስለ ምድሩ ብዙ የማያውቅ፣ ስለ መንግሥቱ ግን ብዙ የሚያውቅ ነው፤ በዚያ ዓመት ማን ማንን ያስተዳድር እንደ ነበረ ይመሰክራል፣ የማን መሆን እንደሚገባው ግን ሊመሰክር አይችልም።

የሜዳውን ታሪክ የሚሻ ሰው ሉሁን ወደ ሌላ ሸንጎ ቢወስደው ይበጃል። የጣልያኑን ፎቶግራፍ፣ የሚሲዮኑን ሉህና የአሁኑን የሳተላይት ሥዕል በአንድ ልክ አስማምቶ፣ ሆርማት በሦስቱም ላይ በየት በኩል እንደ ወረደ ለይቶ፣ ከዚያ በኋላ በቦዩ ዳር ተቀምጦ አልጋው በየትኛው ክረምት እንደ ተለወጠ፣ ክትሩን ማን እንደ ሠራ፣ ማሳው ለማን እንደ ተረፈ መጠየቅ ይቻላል። ከቆቦ ጊራና የመስኖ ልማት ሥራ ወዲህ የጕድጓድ ውኃ በቧንቧ ወደ ማሳው መምጣት በጀመረበት ሜዳ፣ የጎርፉን መንገድ በክንድ የሚያውቁት የውኃ አባቶች በዕድሜ እየገፉ ናቸው፤ የሚያውቁትም ነገር እስካሁን በየትኛውም ሉህ ላይ አልተጻፈም።